ከባንክ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ በአምስት ደቂቃ የሰጠሁት ምክር

 

ዛሬ የምጽፈው የራሴን ስሕተት ነው። ረዳት ኢማም ስለሆንኩ ከሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ጦሃራ፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ኒካሕ፣ ስለ ውርስ። ለእነዚህ ኪታብ አለ፤ የማላውቀውንም ወደ ሸይኻችን እመራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ኪታቤ ውስጥ ምዕራፍ የሌለው አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ መጣ፦ «ኡስታዝ፣ የድርጅት ሥራዬን ለቅቄ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይ?»

መጀመሪያ የጠየቀኝ ወንድም የመጣው በ2016 ረመዷን ነው። ስሙን አልጠቅስም። ታሪኩን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው «ስሜን ተወውና ጻፈው፤ የአንተን ጥፋት ግን እንዳትዘል» ብሎኛል። አልዘልም።

የጋምቤላን መጋቢት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ተራዊሕ ተሰግዶ እንኳ የመስጊዱ በረንዳ ሲሚንቶ ገና አልበረደም ነበር። ከባሮ በኩል ነፋስ ይመጣ እንደሆነ ብለን ተቀመጥን፤ የመጣው የወባ ትንኝ ብቻ ነው። ይህ ወንድም ዘጠኝ ዓመት በአንድ የግል ባንክ ሠርቷል። ከገንዘብ ከፋይነት ተነስቶ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እስከመሆን ደርሷል። ማታ ማታ ተምሮ በአካውንቲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ይዟል። ዩኒቨርሲቲው የመምህር ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳድሮ አልፏል። ደመወዙ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

«ታዲያ ምን አስወጣህ?» አልኩት።

የመለሰልኝን እስከዛሬ አልረሳሁም። «ኡስታዝ፣ ሰላምታዬ ሁሉ ሥራ ሆነብኝ» አለኝ። ባንክ ቤት የሠራችሁ ነገሩ ይገባችኋል። በየወሩ ይህን ያህል ተቀማጭ አምጣ የሚል ታርጌት አለ። እንደ ጋምቤላ ባለ ከተማ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ነጋዴ በጣት ይቆጠራል፤ የሁሉም ባንክ ሠራተኛ የሚዞረው እነዚያኑ ሰዎች ነው። ጁምዓ ሶላት ወጥቶ ከአንድ ነጋዴ ጋር ሲጨባበጥ ልቡ «ይህ ሰውዬ ሒሳቡን ወደ እኛ ያዛውር ይሆን?» ይላል። የታመመ ሲጠይቅ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲጠራ ያው ነው። «ሰውን እንደ ሰው ማየት አቃተኝ፤ ሁሉም ሰው ቁጥር ሆኖ ይታየኛል» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ውጣ! ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ከወለድ ቤት ወጥተህ ወደ ዕውቀት ቤት ልትገባ ነው፤ ይህ ደግሞ ይጠየቃል?» አልኩት። ኢስቲኻራ እንዲያደርግ መከርኩት፣ ዱዓ አደረግኩለት፣ ተነሳን። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እሱ ዕንባው መጣ። እኔም የዚያን ሌሊት በራሴ ተደስቼ ነው የተኛሁት።

ሰኔ ላይ ለቀቀ። ባንኮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ነው። እሱም መዝጊያውን ሳይጨርስ መሄዱን አማና ማጉደል አድርጎ ስላየው፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያውን አስቀድሞ አስገብቶ እስከ መጨረሻው ሌሊት አምሽቶ ዘግቶ ወጣ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንና ክሊራንሱን ሊቀበል የሰው ኃይል ክፍል ሲገባ እኔ ያልጠየቅሁት ነገር ጠረጴዛው ላይ ጠበቀው፦ የሠራተኛ የቤት ብድር።

ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። በአገራችን ብዙ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ከደንበኛ በጣም ያነሰ ወለድ የሚከፈልበት የቤት ወይም የመኪና ብድር ይሰጣሉ። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ግን ብድሩ እንደ ውሉ ወይ ወደ ደንበኛ ወለድ ይዞራል፣ ወይ በአንዴ ክፈል ይባላል። ለምሳሌ ያህል 900 ሺህ ብር በ20 ዓመት የሚከፈል ቢሆን፣ በ7 ከመቶ ወለድ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 7 ሺህ ብር ይጠጋል። ያው ብድር በ16 ከመቶ ሲሰላ ከ12 ሺህ 500 ብር ይበልጣል። ቤቱ አልተለወጠ፣ ሰውየው አልተለወጠ፤ የተለወጠው መታወቂያው ብቻ ነው። የዚህ ወንድም ቁጥር ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

እኔ «ከወለድ ቤት ውጣ» ስለው እሱ በወለድ ብድር ቤት እየሠራ ነበር። በኹጥባው ስለ ሪባ ስንት ጊዜ ሰምቷል! እኔ ራሴ ሸይኻችን ሲያመም ሚንበር ላይ ወጥቼ ስንቴ ተናግሬያለሁ! አንድም ቀን ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው «ዕዳ አለብህ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም አፈረና አልነገረኝም። ባንክ የሚሠራ ሰው ለኢማም የወለድ ዕዳውን በገዛ አፉ እንዲያወራ መጠበቅ የዋህነት ነው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በወጣ በወሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱም ሲሚንቶውም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ጋምቤላ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከመሀል አገር በጭነት መኪና ተጉዞ የሚደርስባት ከተማ ናት። ጣሪያ ያልወጣለት ቤት፣ እጥፍ ሊሆን የቀረበ ወርኃዊ ክፍያ፣ ከግማሽ በታች የወረደ ደመወዝ። ባለቤቱ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ስምንት ወር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በመጨረሻ ጅምር ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ዘጋ። አሁን ተከራይቶ ይኖራል።

ዕዳውን የዘጋ ዕለት ዒሻ ሰግደን ስንወጣ ያለኝን ልጻፈው፦ «ኡስታዝ፣ በመውጣቴ አልተጸጸትኩም። ስለ ሪዝቅ ከመንገርህ በፊት ስለ ዕዳዬ ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን አንድ ዓመት ታግሼ፣ ቤቱንም በደህና ጊዜ ሸጬ እወጣ ነበር።»

ምን እመልስለታለሁ?

እኔ ቢሮ ገብቼ ሠርቼ አላውቅም። ወላጆቼ በ1977 ድርቅ ከወሎ ተነስተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ለኪታብ ወደ ወሎ ተመልሼ በደረሳነት አድጌ ነው የመጣሁት። ደረሳ ቤት ማንም ደመወዝ የለውም። ሸይኹ በነጻ ያስተምራል፣ ደረሳው የሰፈሩን ሰው ዳቦና ቆሎ እየበላ ይቀራል፤ ያድራል፣ ይውላል፣ ዓሊም ይሆናል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው «ደመወዝህ ቢቀንስ ምን አለበት?» ለማለት አፉ ይፈጥናል። ብድር፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚባለው ነገር ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ደህና ደመወዝ የነበረው ሰው እንደኛ ሲሆን ውስጥ ውስጡን ደስ የሚለን ይመስለኛል። አላህ ይቅር ይበለን።

የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተወኩል ሲነሳ እናነሳዋለን፤ ሰው ሊመክሩ ሲቀመጡ ግን ገመዱ ይረሳል።

የቀደሙት ዑለማዎች እንደዚህ አልነበሩም። ኢማም አቡ ሐኒፋ በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ሻዕቢ የተባሉት ታላቅ ዓሊም ወደ ገበያ ሲመላለሱ አይተዋቸው ወደ ዕውቀት እንዲያዘነብሉ እንደመከሯቸው ይተረካል። አቡ ሐኒፋም አዘነበሉ፤ ሱቃቸውን ግን አልዘጉም። ሸሪክ ነበራቸው፣ ንግዱ ቀጠለ። ከትርፉ ራሳቸውን ብቻ ሳይሆን ደሀ ተማሪዎቻቸውንም ይደግፉ ነበር። አቡ ዩሱፍ ከደሀ ቤት መጥተው በኋላ የአባሲዮች ዋና ቃዲ እስከመሆን የደረሱት በዚያ ድጋፍ ተምረው ነው። ስለዚህ ያ «ከገበያ ወደ ዕውቀት» የምንለው ጉዞ መንገድ ላይ ስንቅ ነበረው።

ኢማም ገዛሊ ደግሞ የሄዱት በተቃራኒው ነው፤ በባግዳድ ኒዛሚያ የነበራቸውን ያን የሚያስቀና የመምህርነት ወንበር በ488 ሂጅሪያ ትተው ወጡ። እኛ ስንተርከው «ሁሉን ጥለው ሄዱ» እንላለን። እሳቸው ራሳቸው «አል-ሙንቂዝ» በተባለው ኪታባቸው ላይ የጻፉት ግን ሌላ ነገር ይጨምራል፦ ሀብታቸውን ያከፋፈሉት ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው ነው። ይህችን ክፍል ከሚንበር ላይ ስትነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔም ተናግሬያት አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ በባሮ ዳርቻ የራሱ መልክ አለው።

እዚህ ኩባንያ መጥቶ ሲሄድ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ዳርቻ ያለው የንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጋምቤላ በዚያ ነው ያደገችው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ወጥተው ይመጣሉ፣ የመሀል አገር ቡና ይጭናሉ፣ ውሃው ሲጎድል ከተማዋ ጭር ትላለች። በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ያም አበቃ። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ካሩቱሪ የሚባለው የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሔክታር ሲረከብ አይተናል። ውሉ በ2008 ተሰርዞ ቀረ። በ2017 አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ በኩሌና በጀዊ የስደተኛ ጣቢያዎች ዙሪያ በግብረ ሠናይ ድርጅት ተቀጥረው በከተማችን ትልቅ ደመወዝ ይበሉ ከነበሩት ወንድሞችና እህቶች ስንቱ ያለሥራ እንደቀረ በየሰፈራችሁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ «ድርጅት ውስጥ ያለህ እንጀራ አስተማማኝ ነው፣ እንዳትነቃነቅ» የሚለው የእናቶቻችን ምክር በባሮ ዳር ብዙም አይሠራም። ዩኒቨርሲቲው ግን ውሃው ሲጎድልም እዚያው ነው። ሐምሌ ላይም ጥር ላይም በሩ ክፍት ነው። ለሰው ልጅ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ለከተማም መደገፊያ ነው።

እዚያም ቢሆን ማር አይዘንብም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኅዳር 2015 የደመወዝ ጥያቄ አንስተው በብዙ ቦታ ሥራ እስከማቆም የደረሱት ያለ ነገር አልነበረም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚያ ላይ የሥራ ግብሩና 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮው ሲነሳ እጅ ላይ የሚቀረው 8,600 ብር አይሞላም። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ከዚህ ይሻላል፤ ግን ቅድም ያልኩትን የ12 ሺህ 500 ብር ወርኃዊ ክፍያ አጠገቡ አስቀምጡትና እዩት።

ሰው ስለ ገንዘቡ ብቻ ቢያወራ ባልከፋ ነበር። የከፋው ስሙ ነው። «ወረደ» ተባለ። «ምን አጥፍቶ ነው?» ተባለ። ከሥራ አስኪያጅነት በፈቃዱ ተነስቶ ጠመኔ የሚይዝ ሰው መኖሩ ስለማይታመን ገንዘብ አጉድሎ ነው ብለው ያወሩም ነበሩ፤ ይህ ቡህታን ነው፣ ትልቅ ወንጀል ነው፣ ግን ተወራ። አማቱ ከጅማ ድረስ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ እኔ ዘንድ መጥተው «አንተ ነህ አሉ የመከርከው» ሲሉኝ የገባሁበትን ጉድጓድ አላህ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የእኛው የመስጊድ ነገር ነው። ለመስጊዱ ሥራ መዋጮ ስንሰበስብ የዚህ ወንድም ስም ለዓመታት በዝርዝሩ አናት ላይ ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ፊት ይቀመጥ ነበር። ሥራውን በለቀቀ በመጀመሪያው መዋጮ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሙን አልጻፍኩትም። ክፋት አስቤ አይደለም፣ «እንዳይከብደው» ብዬ ነው። ስብሰባውም ላይ አልጠራነውም። እሱ ግን የገባው ሌላ ነው። ባንክ ቤት እያለ እሱ ሰውን እንደ ቁጥር ማየቱ አስጨንቆት ወጣ፤ እኛ መስጊድ ውስጥ ሆነን እሱን እንደ ቁጥር ስናየው ኖረናል።

ስለ ሥራው ራሱም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሊገቡ የሚያስቡት ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። «ዩኒቨርሲቲ እረፍት አለው አይደል?» ይሉኛል። ለእረፍት ብሎ የሚገባ ሰው ቢቀርበት ይሻላል ባይ ነኝ። በየዩኒቨርሲቲው የምናውቀው አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ የድርጅት ሥራ ሰልችቶት ገብቶ በሳምንት ሦስት ቀን ብቅ ይላል፣ ከዓመት ዓመት ያንኑ የተቀዳደደ ማስታወሻ ያነብባል፣ ቀሪውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራል። ድርጅት ውስጥ ታርጌቱን ያላሟላ ሰው ወር ሳይሞላ ይጠየቃል። ክፍል ገብቶ ያላስተማረ መምህር ግን የሚጠየቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን ተማሪው ነው፣ የመውጫ ፈተና ላይ። ከ2015 ጀምሮ ይህን ፈተና ከመቶ 50 አምጥቶ ያላለፈ ልጅ ዲግሪውን አያገኝም። አራት ዓመት ደሀ እናቱ ከኢታንግ ወይም ከአቦቦ እየላከችለት ተምሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። የመምህር ሐቅ ማጉደል የሚባለው ይህ ነው።

የእኛ ወንድም ከባንክ ያመጣው ጥሩ ልማድ እዚህ ላይ ጠቀመው። ሁለት ሰዓት ማለት ለእሱ ሁለት ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ «ቼክ በእጁ ይዞ የሚያውቅ?» ሲል ከሃምሳ ምናምን ተማሪ እጁን ያወጣ አንድ ነው አለኝ። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪዎች ናቸው! የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያን ከመጽሐፍ ተምረዋል፣ ቀመሩን ያውቁታል፤ የባንክ መግለጫ ወረቀት ግን አይተው አያውቁም። ስለዚህ ቤቱ ቁጭ ብሎ በእጁ የሐሰት ደንበኛ፣ የሐሰት ቼክ፣ የሐሰት ገቢ ደረሰኝ ሠርቶ ይዞላቸው ገባ። ሆን ብሎ ስሕተት ከተተበት። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት የጠፋች 350 ብር ሲፈልጉ ከረሙ። አንዲት ኑዌር ተማሪ አገኘቻት። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ብታዩት! ዘጠኝ ዓመት ባንክ ውስጥ ሲሠራ ስለ ሥራው እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የከበደውም አለ። ድርጅት ውስጥ ጠዋት የወሰነውን ከሰዓት ይፈጽም ነበር። የመንግሥት ቤት ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ወረቀት ይጻፋል፣ ይመራል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ግዢው ጨረታ ይወጣበታል፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ይሮጣል። «ሰኔ የትም አይምረኝም» ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ ያናድደው ነበር። በኋላ ተማሪዎቹ የዚህ ሁሉ ወረቀት ምክንያት የሕዝብ ገንዘብ መሆኑን ሲጠይቁትና ሲያስረዳቸው ንዴቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም፣ ቀነሰ።

አምና ሌላ ጠያቂ መጣች። እርዳታ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ቆይታ ውሏ ያልታደሰላት እህት ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአስተዳደር ሠራተኛነት ቦታ ወጥቷል፣ ደመወዙ ከለመደችው ሲሶ ነው። ከባለቤቷ ጋር መጥታ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣሁ።

ዕዳ አለባችሁ ወይ፣ ለማን፣ በስንት፣ ሥራ ስትለቂ ውሉ ምን ይላል? ከደመወዝሽ ላይ በየወሩ የምትልኪላቸው ሰዎች እነማን ናቸው፣ ስለዚህ ነገር ነግረሻቸዋል? (እናቷ አልሰሙም ነበር። እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጣ ደወለችላቸው።) ማስታወቂያው ላይ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚለው የአንቺን ይቆጥረዋል ወይስ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ? የጡረታ መዋጮ በግልም በመንግሥትም ቤት ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው፤ የቀድሞው ድርጅትሽ በስምሽ ማስገባቱን አይተሻል ወይስ ፕሮቪደንት ፈንድ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ከኪታብ አላገኘኋቸውም። የዚያ ወንድማችን ጅምር ቤት ነው ያስተማረኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ግቢ ብዬም አትግቢ ብዬም አልመለስኩላትም፤ ቁጥሩ ራሱ መለሰ። ስድስት ወር የሚያሻግር ቁጠባ ነበራቸው፣ ባለቤቷ ይሠራል፣ ዕዳ የለባቸውም። ገባች።

ሦስተኛው ጠያቂ ሌላ የባንክ ልጅ ነበር። እሱን ግን ቆይ አልኩት። እሱን ያስጨነቀው ማስተማር መውደዱ ሳይሆን ወለዱ ነበር። ለዚያ ደግሞ ዛሬ ሌላም በር አለ። ከወለድ ነጻ አገልግሎት መጀመሪያ በመስኮት ተጀመረ፤ በ2013 ሰኔ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራም ተከተለ። ሙያህን የምትወድ ከሆነ ሙያህን ይዘህ ቤት ቀይር፤ ማስተማር የማትወድ ሰው ከወለድ ሸሽተህ ተማሪ ላይ አትውደቅ አልኩት። ትንሽ ቅር አለው። ይበለው።

ለጀማዓችንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ከተሻለ ደመወዝ ወደ ተሻለ ሥራ ሲሻገር መሀል ላይ የሚከብደው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ነው። ለሰርግ ድንኳን፣ ለሰደቃ በሬ በአንድ ጁምዓ የምንሰበስበውን ገንዘብ አውቀዋለሁ፤ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ከዚያ ላይ ጥቂቱ እየተቀመጠ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቀርድ ሐሰን ቢሰጠው ያ ጅምር ቤት ባልተሸጠ ነበር። ይህን ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። ሁለት ስብሰባ ተነጋግረናል። የሚቃወሙት «ባንክ ሲበላ ለኖረ ሰው?» ይላሉ። ለእነሱ የምለው እዚያው ስብሰባ ላይ ስላለሁ እዚህ አልደግመውም።

ያ ወንድማችን አሁን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ባለቤቱ ባለፈው ወር ወለደች። ስሙን ወደ ዝርዝሩ መልሰነዋል፤ የሚያወጣው እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ያወጣል። ኮሚቴው ደግሞ የመስጊዱን የሁለት ዓመት ሒሳብ እንዲመረምርልን ለመነው። ሁለት ተማሪዎቹን ይዞ መጣ፣ አንደኛዋ ያቺ 350 ብሯን ያገኘችው ልጅ ናት። በሁለት ቅዳሜ ጨረሱት። ገንዘቡ ልክ ነው፤ የጎደሉት ሦስት ደረሰኞች ናቸው። ሁለቱን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን እየፈለግኳቸው ነው።